የመንገድ ርቀትና የበረራ ጊዜ፤ ከአንኮበር እስከ ሩቅ አገር

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለሚያነቡ ሽማግሌዎች

በማናቸውም መንደር ፊደል ያወቀ ሰው ካለ፥ ሕዝቡ የሚቸግረውን ነገር ሁሉ ወደ እርሱ ያመጣል። ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢው፥ ሒሳብ ሲያከራክር ቈጣሪው እርሱ ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ አንድ አዲስ ጥያቄ ተጨምሮበታል፤ ይኸውም «ልጃችን ካለችበት አገር ተነሥታ እዚህ እስክትደርስ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ በደስታ ቀን ሲጠየቅ ቀላል ነው፤ መልሱ ቢሳሳት እንግዳ ጠባቂው ጥቂት ይደክም ይሆናል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። በኀዘን ቀን ሲጠየቅ ግን ይከብዳል። ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር አካባቢ ተወልደው በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በዐረብ አገር የሚኖሩ ልጆች ብዙ ናቸው። አባት ወይም እናት ባረፉ ጊዜ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፥ ቀብሩ ዛሬ ይፈጸም ወይስ ልጅ እስኪደርስ ይቈይ ብለው ይመካከራሉ። ከመካከላቸውም አንዱ፥ «ከአሜሪካ እዚህ 13 ሰዓት ነው አሉ፤ እንግዲያስ ማታ ትደርሳለች» ይላል። ሕዝቡም ይጠብቃል፤ ማታ ይሆናል፤ ልጅቱ ግን ገና ከአሜሪካ መነሣትዋ ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ፥ «አሜሪካ የዓለም ዳርቻ ነው፤ በሳምንትም አይደረስ» ተብሎ ቀብሩ ይቸኰላል፤ ልጅቱም በማግሥቱ ደርሳ የአባትዋን ፊት ሳታይ ትቀራለች። ሁለቱም ስሕተት የሚመጣው ከክፋት አይደለም፤ ርቀትንና ጊዜን ለይቶ ካለመቍጠር ነው።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሦስት ነገር እንመረምራለን። መጀመሪያ ርቀት እንዴት እንደሚለካ፥ ሁለተኛ አይሮፕላን ያን ርቀት በስንት ጊዜ እንደሚጨርስ፥ ሦስተኛ መንገደኛው ከደጅ እስከ ደጅ በእውነት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ነው። ከሦስቱ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም በእርሱ ነው።

፩፤ ስለ ርቀት ልክ

አባቶቻችን መንገድን የሚለኩት በቀን ነበር። «የሁለት ቀን መንገድ ነው»፥ «የአንድ ጧት መንገድ ነው» ይሉ ነበር። ነጋዴው ወይም ዘማቹ የሚያድርበት ስፍራ ምዕራፍ ይባል ነበርና፥ አገር የሚቈጠረው በምዕራፍ ነበር። ይህ ልክ ለመንገደኛው ጥሩ ነው፤ ስንት ስንቅ እንደሚያስፈልገው ይነግረዋል። ነገር ግን ለሁሉ እኩል አይደለም። በበቅሎ ለሚሄድ አንድ ቀን የሆነው መንገድ፥ የተጫነ አህያ ለሚነዳ ሁለት ቀን ይሆናል፤ በበጋ አንድ ቀን የሆነው፥ ወንዝ በሞላ ጊዜ ሦስት ቀን ይሆናል። ስለዚህ በመንገደኛውና በወራቱ የማይለወጥ ልክ ያስፈልጋል፤ እርሱም ኪሎሜትር ነው።

ሜትር የተባለውን ልክ የፈረንሳይ ሊቃውንት በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲወስኑ፥ ከምድር ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት 10,000 ኪሎሜትር እንዲሆን አድርገው ነው። እንግዲህ የምድር ዙሪያዋ አራት እጥፍ፥ ማለት 40,000 ኪሎሜትር ያህል ነው። ይህን ቍጥር መምህሩ ተማሪዎቹን በቃል ያስጠናቸው፤ የቀረው ሒሳብ ሁሉ ከእርሱ ይወጣልና።

ቀጥሎ ርቀት ሁለት ዓይነት መሆኑን ያስረዳ። አንደኛው ወፍ የምትበርበት ቀጥታ ርቀት ነው። ሁለተኛው እግር፥ በቅሎ ወይም መኪና የሚሄድበት የመንገድ ርቀት ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር በመኪና መንገድ 40 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ በቀጥታ ግን 25 ኪሎሜትር አይሞላም። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን በመንገድ 130 ኪሎሜትር ነው፤ በቀጥታ ግን ከ110 ኪሎሜትር በጥቂት ይበልጣል። የአንኮበር ሰው ይህን ለማስተዋል መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከአምባው አፋፍ ቆሞ ቍልቍል ቢመለከት አልዩ አምባ ከእግሩ ሥር የተዘረጋ ይመስለዋል። ወደዚያ ወርዶ ገበያ ውሎ ዳገቱን ሲመለስ ግን፥ ዓይን ያየውና እግር የሄደው ርቀት አንድ አለመሆኑን ጕልበቱ ይነግረዋል።

፪፤ ርቀት ሳይለወጥ ጊዜ እንደ ተለወጠ

በ1833 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1841) እንግሊዞች ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ መልክተኞች ላኩ። የመልክተኞቹ አለቃ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ይባል ነበር። በሚያዝያ ወር ከህንድ አገር ከቦምቤ በመርከብ ተነሥተው፥ በግንቦት ታጁራ ከተባለው ወደብ ደረሱ። ይሁን እንጂ ወዲያው ጕዞ አልጀመሩም። ዕቃቸውን የሚጭን ግመል እስኪገኝ በኪራዩም እስኪስማሙ ብዙ ቀን በባሕሩ ዳር ተቀመጡ። ከዚያም በዐሳል ሐይቅ አጠገብ አድርገው በዐፋር በረሃ ሲጓዙ፥ ውሃ ጥማትና ሐሩር አስጨነቃቸው፤ በሌሊትም በተኙበት ሦስት ሰዎች ተገደሉባቸው። የሸዋን ዳር የረገጡት በሐምሌ ወር ነው። ከታጁራ ከተነሡ ስድስት ሳምንት ያህል ሆኗቸው ነበር። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ንጉሡና መልክተኛው የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ።

እንግዲህ ተማሪዎቹ ያስቡ። ከታጁራ እስከ አንኮበር ቀጥታው ርቀት 420 ኪሎሜትር ያህል ነው። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። 420 ለ42 ሲካፈል 10 ይሆናል። ስለዚህ ያ ሁሉ ድካም፥ ያ ሁሉ ጥማት፥ በቀጥታ ሲቈጠር በቀን 10 ኪሎሜትር ብቻ ወደ አንኮበር ያስጠጋቸው ነበር። ዛሬ አይሮፕላን በዚያው ሰማይ ላይ ቢያልፍ፥ ይህን ርቀት በግማሽ ሰዓት ያህል ይጨርሰዋል። ተራራው አልተነቀለም፤ በረሃውም አልጠበበም፤ ርቀቱ ያው ነው። የተለወጠው የመሄጃው መሣሪያ ነው።

ለውጡ የመጣው ባንድ ጊዜ አይደለም፤ ደረጃ በደረጃ ነው። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ገባ። የሐዲዱ ርዝመት 784 ኪሎሜትር ነበር። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው በጕዞው ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ደግሞ ፖቴዝ የምትባል የፈረንሳይ አገር ሥራ አይሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥታ አዲስ አበባ አጠገብ አረፈች፤ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ አይሮፕላን እርስዋ ናት። ለእርስዋ መንገዱ 784 ኪሎሜትር አልነበረም፤ ቀጥታው 555 ኪሎሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አይሮፕላን በሁለት ነገር ጊዜ ያተርፋል። አንደኛ ይፈጥናል፤ ሁለተኛ ደግሞ የሚሄድበት መንገድ ራሱ ያጥራል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። የመጀመሪያውንም የመንገደኛ በረራ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያን ጊዜ የነበሩት አይሮፕላኖች በሰዓት 300 ኪሎሜትር ያህል ይበሩ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ ቀጥታው 2,470 ኪሎሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በአየር ላይ ብቻ ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በሰዓት 850 ኪሎሜትር የሚበር አይሮፕላን ይህንኑ ርቀት በ3 ሰዓት ያህል ይጨርሳል።

፫፤ ቀጥታ ርቀትን በጭቃ ኳስ ስለ መለካት

ምድር ድቡልቡል ናትና፥ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በመሥመሪያ የተሰመረ መሥመር ለሩቅ አገር አጭሩን መንገድ አያሳይም። አጭሩ መንገድ የሚታየው በድቡልቡል ነገር ላይ ክር በመወጠር ነው። የምድር አምሳል ኳስ የሌለው ትምህርት ቤት ከጭቃ ራሱ ሊሠራ ይችላል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

ዙሪያው በክር ሲለካ ልክ 40 ሳንቲሜትር የሆነ ድቡልቡል ጭቃ ይሠራና በጥላ ይድረቅ። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎሜትር ስለ ሆነ፥ በዚህ ኳስ ላይ 1 ሳንቲሜትር 1,000 ኪሎሜትር ማለት ነው። ከዚያ በወገቡ ዙሪያ ክብ መሥመር ይሰመር፤ እርሱ የምድር ወገብ ነው። ከላይና ከታችም ሁለቱ ዋልታዎች ምልክት ይደረግባቸው። ቀጥሎ ከዋልታ እስከ ዋልታ አንድ መሥመር ይሰመር፤ ይህ በእንግሊዝ አገር በሎንዶን የሚያልፈው መሥመር ነው። በእርሱ ላይ ከምድር ወገብ 5 ሳንቲሜትር ከ7 ሚሊሜትር ወደ ሰሜን ሲለካ ሎንዶን ይገኛል።

አዲስ አበባን ለማግኘት በምድር ወገብ ላይ ከሎንዶን መሥመር 4 ሳንቲሜትር ከ3 ሚሊሜትር ወደ ምሥራቅ ይለካ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ዋልታ መሥመር ይሰመር፤ በእርሱም ላይ 1 ሳንቲሜትር ወደ ላይ ይለካ። አዲስ አበባ በዚያ ነው። ደብረ ብርሃንና አንኮበር በዚህ ኳስ ላይ ከአዲስ አበባ ጋር በአንዲት ነጥብ ውስጥ ይገባሉ። ዋሽንግተንን ለማግኘት ደግሞ ከሎንዶን መሥመር 8 ሳንቲሜትር ከ6 ሚሊሜትር ወደ ምዕራብ፥ ከምድር ወገብም 4 ሳንቲሜትር ከ3 ሚሊሜትር ወደ ሰሜን ይለካ።

አሁን ክሩን ወጥረው ይለኩ። ከአዲስ አበባ እስከ ሎንዶን 6 ሳንቲሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይደርሳል፤ እውነተኛው ርቀት 5,900 ኪሎሜትር ያህል ነውና። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ከ11 ሳንቲሜትር ተኩል ጥቂት ይበልጣል፤ እውነተኛው 11,560 ኪሎሜትር ያህል ነው። ተማሪዎቹ የሚደነቁበት ሌላ ነገርም አለ። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የተሰመረ መሥመር ሰሐራን ወደ ምዕራብ አቋርጦ ይሄዳል፤ የተወጠረው ክር ግን ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ፥ በሱዳንና በሊብያ አልፎ፥ እስፔንን ነክቶ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ዐይሮፕላን ነጂዎችም የሚፈልጉት የክሩን መንገድ ነው፤ ነፋስና የአየር ክልል ሕግ ካላገዳቸው በቀር።

፬፤ ስለ በረራ ጊዜ

የበረራ ጊዜን ለማግኘት ርቀቱን በፍጥነቱ ማካፈል ነው። ዛሬ ሩቅ አገር የሚሄዱ አይሮፕላኖች ከምድር በላይ 10 ወይም 12 ኪሎሜትር ከፍ ብለው፥ በሰዓት 850 ወይም 900 ኪሎሜትር ያህል ይበራሉ። ለትምህርት ቤት ሒሳብ 850ን መያዝ ይበቃል። በመነሣትና በማረፍ ጊዜ ፍጥነቱ ስለሚያንስ፥ በውጤቱ ላይ ግማሽ ሰዓት ይጨመር። ለምሳሌ ለሎንዶን 5,900 ለ850 ሲካፈል 7 ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ግማሽ ሲጨመር 7 ሰዓት ተኩል ነው። ይህም በእውነት ከሚሆነው ጋር ይስማማል።

ይሁን እንጂ ሒሳቡን የሚለውጡ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ነፋስ ነው። ከምድር ወገብ ራቅ ባሉ የሰሜን አገሮች ላይ በከፍታው ስፍራ ነፋስ ብዙውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ስለዚህ ከአሜሪካ ወደ እኛ የሚመጣ አይሮፕላን በነፋስ ይገፋል፤ ከእኛ ወደ አሜሪካ የሚሄደው ግን ነፋሱን ይጋፋል።

ሁለተኛው የአገራችን ከፍታ ነው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በከፍታ ስፍራ አየሩ ይሳሳል። የደብረ ብርሃን ሴቶች ይህን ከድስታቸው ያውቁታል። ከተማቸው 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፥ ውሃው ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ ባቄላው ከቈላ ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። ድስቱን የሚያዘገየው ያ የሳሳ አየር የአይሮፕላኑንም ክንፍ አጥብቆ አይደግፍም፤ የሞተሩንም ኀይል ይቀንሳል። ስለዚህ እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ከመንገደኛና ከጓዝ ጋር ጭኖ ከቦሌ መነሣት ይከብደዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አይሮፕላን በመካከል ባንድ አገር አርፎ ነዳጅ መጨመር የለመደው ስለዚህ ነው፤ ጕዞውም 16 ወይም 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዋሽንግተን ግን በዝቅተኛ ስፍራ ናትና፥ ከዚያ የሚነሣው ነዳጁን ሞልቶ በነፋስም ተረድቶ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ያህል አዲስ አበባ ይገባል። «13 ሰዓት ነው» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። ቍጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የአየሩ ጊዜ ብቻ ነው።

፭፤ ስለ ሰዓት ልዩነት

ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ በራስዋ ትዞራለች። ሙሉ ዙሪያ 360 ዲግሪ ነውና፥ ለ24 ሲካፈል በሰዓት 15 ዲግሪ ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ ያለ አገር ፀሐይን አስቀድሞ ያያል። አዲስ አበባ ከሎንዶን መሥመር 39 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ፥ ዋሽንግተን 77 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ናቸው፤ ድምሩ 116 ይሆናል። 116 ለ15 ሲካፈል 8 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። መንግሥታት ሰዓታቸውን በሙሉ ቍጥር ስለሚያውሉት ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው። ከሎንዶን ጋር ደግሞ 3 ሰዓት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን በበጋቸው ወራት ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፉታል። ስለዚህ ከመጋቢት መጀመሪያ ገደማ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት 7 ሰዓት ነው። ሎንዶንም ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ልዩነቱ 2 ሰዓት ይሆናል።

ከዚህ ሌላ የአቈጣጠር ልዩነት አለ። እኛ ቀኑን ከንጋት እንጀምራለን፤ አውሮፓውያን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራሉ። ስለዚህ በአይሮፕላን ቲኬት ላይ ከተጻፈው ሰዓት 6 ሲቀነስ የእኛ ሰዓት ይገኛል፤ 10 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከጧቱ 4 ሰዓት ነው። ቲኬቱ ከቀትር በኋላ ያለውን ሳይመልስ እስከ 24 ስለሚቈጥር፥ 20 ተብሎ የተጻፈው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ግን የሌሊቱ ነው። ቲኬቱ «ማክሰኞ 1 ሰዓት» ቢል፥ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው እንግዳውን ለመቀበል ማክሰኞ ጧት ወይም ማክሰኞ ማታ ይሄዳል፤ እንግዳው ግን በሌሊት ደርሶ ደጅ ላይ ብቻውን ቆሞ ይቈየዋል።

፮፤ ከደጅ እስከ ደጅ

አሁን ሦስቱን ሒሳብ ባንድ ላይ እናድርግ። በጥር ወር አንድ አባት በአንኮበር እሑድ ከጧቱ 12 ሰዓት አረፉ እንበል። ልጃቸው በዋሽንግተን ናት። ስልክ ሲደወልላት በእርስዋ ዘንድ ገና ቅዳሜ ከሌሊቱ 4 ሰዓት ነው፤ ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናትና። በሌሊቱ ቲኬት ፈልጋ፥ በማግሥቱ እሑድ በዚያ አገር ከረፋዱ 5 ሰዓት የሚነሣ አይሮፕላን አገኘች። ይህም በእኛ ሰዓት እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው።

ከሞቱ ሰዓት እስክትነሣ 13 ሰዓት አልፏል።
በአየር ላይ 13 ሰዓት ትውላለች፤ ሰኞ ከጧቱ 2 ሰዓት አዲስ አበባ ትደርሳለች።
ፓስፖርትዋን አሳይታ ጓዝዋን ተቀብላ እስክትወጣ 2 ሰዓት ይታሰብ፤ 4 ሰዓት ይሆናል።
ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን በመኪና 3 ሰዓት ይታሰብ፤ 7 ሰዓት ይሆናል።
ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር 1 ሰዓት ተኩል ይታሰብ፤ 8 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ድምሩ 32 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚህ ውስጥ በአየር ላይ የዋለችው 13 ሰዓት ብቻ ነው፤ የቀረው 19 ሰዓት ተኩል በመጠበቅና በምድር ላይ ያለፈ ነው። ሃሪስ በታጁራ ግመል ሲጠብቅ እንደ ዘገየ፥ የዛሬውም መንገደኛ ጊዜውን የሚጨርሰው ይበልጡን ከመነሣቱ በፊትና ካረፈ በኋላ ነው። መሣሪያው ፈጠነ እንጂ መጠበቅ አልቀረም።

እንግዲህ ለሽማግሌዎቹ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። «እሑድ ማታ ትደርሳለች» የሚለው ሐሰት ነው፤ ያን ጊዜ ገና ከአሜሪካ መነሣትዋ ነው። «በሳምንትም አይደረስ» የሚለውም ሐሰት ነው። ቀብሩ እሑድ ከተፈጸመ አትደርስም፤ ነገር ግን ለሠልስቱ ያለ ጥርጥር ትደርሳለች። ቀብሩ ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ከሆነ ትደርሳለች፤ የሚተርፋት ግን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። አይሮፕላኑ ጥቂት ቢዘገይ ወይም መንገዱ ቢዘጋ ይህ ትርፍ ያልቃል። ስለዚህ ጠበቅን ለማለት ብቻ የሚጠብቁ ከሆነ፥ 10 ሰዓት ቢያደርጉት ይሻላል። ይቈይ ወይስ አይቈይ የሚለውን የሚወስኑት ቤተ ሰቡና ካህናቱ ናቸው፤ መምህሩ ግን እውነተኛውን ቍጥር በፊታቸው ያኑር።

መምህሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት መልስ ከመስጠቱ አስቀድሞ አምስት ነገር ይጠይቅ። መንገደኛዋ የቈረጠችው ቲኬት የስንት ሰዓት ነው? ሰዓቱ የየትኛው አገር ሰዓት ነው? አይሮፕላኑ በመካከል ያርፋል ወይስ አያርፍም? አዲስ አበባ የሚቀበላት መኪና ተዘጋጅቷል ወይ? ከአዲስ አበባ የሚያመጣው መንገድስ ክፍት ነው ወይ? እነዚህን ሳይጠይቁ «ይህን ያህል ሰዓት ነው» ማለት ሳይሰፍሩ እህል እንደ መሸጥ ነው።

፯፤ ለልምምድ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ከአዲስ አበባ እስከ ኢየሩሳሌም ቀጥታው ርቀት 2,560 ኪሎሜትር ያህል ነው። በጭቃው ኳስ ላይ ስንት ሳንቲሜትር ይሆናል? በሰዓት 850 ኪሎሜትር ለሚበር አይሮፕላንስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

2. በጥር ወር በሎንዶን ከቀኑ 10 ሰዓት ቢሆን፥ በአንኮበር ስንት ሰዓት ነው?

3. በቲኬት ላይ «ዐርብ 2 ሰዓት» ተብሎ በአውሮፓ አቈጣጠር ቢጻፍ፥ በእኛ አነጋገር መቼ ነው?

4. አንድ ሰው በጥር ወር ረቡዕ በሎንዶን ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ተነሥቶ 7 ሰዓት ተኩል ቢበር፥ አንኮበር መቼ ይደርሳል? በምድር ላይ ያለው ጊዜ ከላይ እንደ ተቈጠረው ይሁን።

መልስ፤ ለመጀመሪያው 2 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል፥ ጊዜውም 3 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ለሁለተኛው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ለሦስተኛው ሐሙስ ለዐርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ለአራተኛው የተነሣበት ጊዜ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ሐሙስ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል አዲስ አበባ፥ ከቀኑ 8 ሰዓት አንኮበር ይደርሳል።

የቀድሞ አባቶች መንገድን በቀን መቍጠራቸውን አላዋቂነት አድርገን እንዳንንቀው ተማሪዎች ይምከሩበት። እነርሱ የቈጠሩት መንገደኛው በእውነት ከቤቱ ወጥቶ ከሚገባበት ቤት እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ነበር። እኛም ኪሎሜትርንና የበረራ ሰዓትን ከተማርን በኋላ ወደዚያው እንመለሳለን። አይሮፕላን የሚያደርሰው እስከ ማረፊያው ነው፤ ቤተ ሰብ የሚጠብቀው ግን በደጅ ነው። ይህን ልዩነት ለይቶ የሚቈጥር መምህር ባለበት መንደር፥ ሽማግሌዎች በሚመካከሩበት በከባዱ ቀን ሕዝቡ በከንቱ አይጠብቅም፤ ልጅም በአንድ ሰዓት ስሕተት ከአባትዋ ስንብት አትቀርም።